ሕጉ ከመኝታ ቤት ወጥቶ የአከራዩን በር ሲያንኳኳ

ካምፓላ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሰው እ.ኤ.አ. ከሜይ 2023 መጨረሻ ጀምሮ ለአሥር ወራት ያህል፣ ተከራዩ ከማን ጋር እንደሚያድር አውቆ ዝም ማለቱ ሊያሳስረው ይችል ነበር። ፕሬዝዳንት ዩዌሪ ሙሴቬኒ በዚያ ወር የፈረሙት፣ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚከለክለው ሕግ በዘጠነኛው አንቀጹ፣ ቤቱ ለዚህ ተግባር እንደሚውል እያወቀ የፈቀደ ሰው እስከ ሰባት ዓመት ይታሰራል ይል ነበር። አከራዩ የሠራው ነገር የለም። በወሩ መጀመሪያ ኪራዩን ተቀብሏል፣ ቧንቧ ሲያፈስ ሠራተኛ ጠርቷል፣ በቃ። ሕጉ ግን ለእሱም ቦታ አዘጋጅቶለታል።

ስለዚህ ጉዳይ የሚወጡ ዘገባዎች ብዙውን ጊዜ ካርታ ይዘው ይመጣሉ። የሚከለክለው አገር ቀይ፣ የሚፈቅደው አረንጓዴ ይቀባል፤ ከዚያ ቆጠራ ይከተላል። ቆጠራው ስህተት የለበትም። በአዋቂዎች መካከል የሚደረግን የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በወንጀል የሚቀጡ አገሮች ዛሬም ከ60 ይበልጣሉ፤ ጋብቻን የፈቀዱት ደግሞ ወደ 40 ይጠጋሉ። ካርታው የማያሳየው ሕጉ ማንን እንደሚይዝ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በየአገሩ የወጡትን ሕጎችና ውሳኔዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነባቸው ጎልቶ የታየኝ ይህ ነው፤ የድሮው ሕግ የሚያነጣጥረው በሁለት ሰዎች ላይ ነበር፣ የአሁኑ ሦስተኛ ሰው ይፈልጋል። አከራዩን፣ መምህሩን፣ የክብር መዝገብ ሹሙን፣ ከንቲባውን፣ ጎረቤቱን። ደግሞ ይህ በሚከለክሉት አገሮች ብቻ የሚታይ አይደለም።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ቃሉ ልበል። በአማርኛ ስለዚህ ነገር የሚጽፍ ሰው ገና ከመነሻው ይቸገራል። በወንጀል ሕጋችን ውስጥ ያለው «ግብረ ሰዶም» መነሻው መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ቃሉ ሲጠራ ፍርዱም አብሮ ስለሚጠራ ክርክሩ ሳይጀመር ያልቃል። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ የፈረንጅ ፊደል ደርድረው «ኤልጂቢቲ» ይላሉ፤ ለብዙ ሰው ጆሮ የመድኃኒት ስም ይመስላል። እኔ «የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት» በሚለው እቀጥላለሁ። ዓመታቱም ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የአውሮፓውያኑ ናቸው።

ወደ ኡጋንዳ ልመለስ፤ የሚነገር ብዙ ነገር ያለው እዚያ ነውና። የ2023ቱ ሕግ ባዶ ሜዳ ላይ አልበቀለም። አገሪቱ ከእንግሊዝ የወረሰችው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ «ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጪ» ያለውን ግንኙነት እስከ ዕድሜ ልክ በሚደርስ እስራት ይቀጣ ነበር። በ2014 ሌላ ሕግ ተጨመረ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ፣ ምክር ቤቱ ሕጉን ሲያጸድቅ ምልዓተ ጉባኤ አልነበረም ብሎ ሻረው። የወደቀው በሥነ ሥርዓት ጉድለት ስለነበር ስለ መብት የተወሰነ ነገር አልነበረም። የሕጉ ደጋፊዎች ይህን አልረሱትም። በማርች 2023 ድምፅ ሲሰጥ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ የተቃወሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ዕድሜ ልክ እስራት ድሮም ከነበረ አዲሱ ሕግ ምን ጨመረ? ወደ ላይም ወደ ጎንም አደገ ማለት ይቻላል። ወደ ላይ የሞት ቅጣትን ጨመረ። ድርጊቱ በሕፃን፣ ከ75 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ወይም በአካል ጉዳተኛ ላይ ከተፈጸመ፣ ወይም ተከሳሹ ደጋግሞ ያጠፋ ከሆነ «ከባድ» ይባልና ቅጣቱ ሞት ይሆናል። ወደ ጎን ደግሞ ጉዳዩን «ያስተዋወቀ» እስከ 20 ዓመት፣ ቤት የሰጠ እስከ ሰባት ዓመት፣ እያወቀ ያልጠቆመም ቅጣት አለው አለ። የዓለም ዜና የያዘው የሞቱን ቅጣት ነው። በየሰፈሩ ኑሮ ላይ የዋለው ግን ወደ ጎን የተዘረጋው ክንድ ነው። አከራይ ጠበቃ አማክሮ «እያወቀ» የሚለው ቃል እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ አይጠይቅም። ጠርጥሮ «ቤቱን ልቀቅልኝ» ይላል። የመብት ድርጅቶች ከሕጉ በኋላ የመዘገቡትም ይህንኑ ነው፤ ከተከራዩበት ቤት የተባረሩ ሰዎች። ክሊኒኮችም የችግሩ አካል ሆኑ። ሕጉ መፈረሙ በተነገረ ዕለት የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም፣ ግሎባል ፈንድና የአሜሪካው የኤችአይቪ ዕርዳታ ፕሮግራም በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ሰዎች ከሕክምና እንዳይሸሹ፣ ኡጋንዳ በኤችአይቪ ላይ ያገኘችው ውጤትም አደጋ ላይ እንዳይወድቅ መስጋታቸውን ገልጸው ነበር።

ሙሴቬኒ ራሳቸው ረቂቁን አንድ ጊዜ መልሰውታል። በኤፕሪል 2023 ለምክር ቤቱ ሲመልሱት፣ አንድ ሰው ስለ ራሱ የሚሰማው ስሜት ከፈጸመው ድርጊት ይለይ፣ የመጠቆም ግዴታውም ይታይ ብለው ነበር። ምክር ቤቱ ማንነትን በራሱ ወንጀል የሚያደርገውን ክፍል አወጣ፤ ሌላውን በአብዛኛው እንዳለ ተወው። በኤፕሪል 2024 ደግሞ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ሕጉን በጥቅሉ አጽንቶ ጥቂት አንቀጾችን ቆርጦ ጣለ፤ የአከራዩን፣ የጥቆማውንና በሽታ ማስተላለፍን የሚመለከተውን። ምክንያቱም የጤና፣ የግል ሕይወትና የሃይማኖት ነጻነት መብትን ይነካሉ የሚል ነው። ልብ በሉ፣ ዳኞቹ ያወጡት ሦስተኛውን ሰው ነው። ሁለቱ ሰዎች እዚያው ቀሩ።

በዚያ ፍርድ ውስጥ ፈገግ የሚያሰኝ ነገርም አለ። የሕጉ ደጋፊዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚሉት ምዕራባውያን ባህላቸውን እየጫኑብን ነው ነው። ዳኞቹ ሕጉን ለማጽናት ከጠቀሷቸው ውሳኔዎች አንዱ ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 የፅንስ ማቋረጥን ሕገ መንግሥታዊ መብት የሻረበት ነው። ከዋሽንግተን የሚመጣ ነገር ሁሉ አይጠላም ማለት ነው።

የገንዘብ ጫናውስ? የዓለም ባንክ በኦገስት 2023 ለኡጋንዳ አዲስ ብድር አቆመ፤ አሜሪካ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ኡጋንዳን ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ አስወጣች፤ እኛም አጎዋ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፣ የእኛ ምክንያት ሌላ ቢሆንም። በ2025 አጋማሽ ላይ የዓለም ባንክ ብድሩን መልሶ ለመልቀቅ ወሰነ። ሕጉ ግን አልተነካም። በእኔ ግምት ጫናው ያተረፈው ለሕጉ ደጋፊዎች ነው፤ «ለዳቦ ብለን አንሸጥም» የሚል ንግግር ሰጣቸው፣ የተባረረውን ተከራይ ግን ወደ ቤቱ አልመለሰውም።

«ባህላችን» የሚለው ቃል ከተነሣ ዘንድ የሕጎቹን የትውልድ ሐረግ ማየት ጥሩ ነው። እንግሊዝ በ1860 ለሕንድ ባወጣችው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 377 ላይ «ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጪ» የሚለውን ሐረግ ጻፈች፤ ሐረጉ ከዚያ ተቀድቶ፣ አንዳንዴም በዚያው ቁጥር፣ በእስያና በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ተሠራጨ። እንግሊዝና ዌልስ በ1967 የራሳቸውን ሕግ ሲያሻሽሉ ቅኝ ግዛቶቹ አብዛኞቹ ነጻ ወጥተው ነበር፤ ወረቀቱ ግን እጃቸው ላይ ቀረ። ሕንድ በ2018 በጠቅላይ ፍርድ ቤቷ፣ ሲንጋፖር በ2022 በፓርላማዋ ተገላገሉት። የሲንጋፖሩ ትንሽ ብልጠት አለበት፤ በአንድ እጅ አንቀጹን እየሻረች በሌላው እጅ የጋብቻ ትርጉም በፍርድ ቤት እንዳይፈተን ሕገ መንግሥቱን አሻሻለች።

ፈረንሳይ ግን ይህን ወንጀል ከሕጓ ያወጣችው በ1791፣ በአብዮቱ ዘመን ነው። ስለዚህ ለብዙዎቹ ቅኝ ግዛቶቿ የምታወርሰው አንቀጽ አልነበራትም። ሴኔጋል በ1966፣ ካሜሩን በ1972 ከነጻነት በኋላ በራሳቸው ጻፉ። ማሊና ቡርኪና ፋሶ ሳይጽፉ ቆዩ። ማሊ በ2024 መጨረሻ ባወጣችው አዲስ የወንጀል ሕግ ግንኙነቱን ወንጀል አደረገችው። ቡርኪና ፋሶ በሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ተከተለች፤ 71ዱ የሽግግር ምክር ቤት አባላት በሙሉ ድምፅ ያጸደቁት ሕግ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት እስራትና የገንዘብ ቅጣት ይዟል፣ የውጭ አገር ዜጋ ከሆነም ከአገር ማስወጣት። ሁለቱንም አገሮች የሚመሩት የፈረንሳይን ጦር ያስወጡና ሉዓላዊነትን መፈክራቸው ያደረጉ ወታደሮች ናቸው። የቅኝ ገዢን አሻራ እናጠፋለን ብለው ተነሡ፤ ከዚያ እንግሊዝ ለጎረቤቶቻቸው ትታ የሄደችውን ዓይነት አንቀጽ ጻፉ።

ይህን ስል ግን የአፍሪካ ሕዝብ ከቅኝ ገዢ በፊት ጉዳዩን ይቀበለው ነበር ማለቴ አይደለም። በአንዳንድ ቦታ ዝም ይባል ነበር፣ በሌላው ይነወር ነበር፣ በሌላው ደግሞ ንስሐ ይሰጥበት ነበር። ነውርና እስር ቤት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነውር በዘመድና በንስሐ አባት እጅ ነው፤ እስር ቤት ደግሞ ዐቃቤ ሕግ፣ ማስረጃና ፖሊስ ይፈልጋል። ማስረጃ ፍለጋው ነው ሦስተኛውን ሰው የሚጠራው።

በአፍሪካ በተቃራኒው አቅጣጫ የሄዱት አገሮች አብዛኛውን መንገድ የሄዱት በፍርድ ቤት ነው። ከእነዚህ የቦትስዋናን ያህል የሚያስተምር የለም። በ2003 የአገሪቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጥያቄው ሲቀርብለት፣ የሕዝቡ አስተሳሰብ አልተለወጠም፣ ጊዜው ገና ነው ብሎ መለሰ። ከዓመታት በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉዳዩን እንደገና ይዞ ቀረበ። በጁን 2019 ዳኛ ማይክል ሌቡሩና ባልደረቦቻቸው እስከ ሰባት ዓመት የሚያሳስረውን አንቀጽ ሻሩ። መንግሥት ይግባኝ አለ። በኖቬምበር 2021 ያው «ጊዜው ገና ነው» ያለው ፍርድ ቤት በአምስት ዳኞች ሙሉ ድምፅ የከፍተኛውን ፍርድ ቤት ውሳኔ አጸና።

በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል ምን ሆነ? ትልቅ አብዮት አልነበረም። በ2010 ምክር ቤቱ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን ሲያሻሽል፣ አሠሪ ሠራተኛውን በዚህ ምክንያት እንዳያባርር የሚል ሐረግ አስገባ። በ2016 ይኸው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መዝጋቢው መሥሪያ ቤት የተመሳሳይ ፆታ ተጓዳኞችን ማኅበር አልመዘግብም ማለቱ ልክ አይደለም አለ። መጀመሪያ የተለወጠው የሦስተኛው ሰው ግዴታ ነው፤ የአሠሪው፣ ከዚያ የመዝጋቢው። የወንጀሉ አንቀጽ የወደቀው እነዚህ ቀስ ብለው ከሥሩ ከቦረቦሩት በኋላ ነው። ሞሪሸስ በ2023፣ ናሚቢያ በ2024 ተመሳሳይ ውሳኔ በፍርድ ቤት ሰጥተዋል። አንጎላ ግን ምክር ቤቷ ባወጣውና በ2021 ሥራ ላይ በዋለው አዲስ የወንጀል ሕግ ነው አንቀጹን የተወችው። ናሚቢያ ውስጥ ፍርድ ቤቱና ምክር ቤቱ ገመድ ጉተታ ላይ ናቸው፤ ፍርድ ቤቱ የድሮውን ክልከላ በሻረበት ዓመት ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ነው የሚል ሕግ ተፈርሟል።

በፍርድ ቤት የመጣ ነገር ደግሞ በፍርድ ቤት ይሄዳል። ትሪኒዳድና ቶቤጎን ተመልከቱ። በ2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክልከላውን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረ፤ በአዳራሹ ደጅ ደስታ ሆነ። በማርች 2025 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ መለሰው። ምክንያቱ የተመሠረተው በካሪቢያን ሕገ መንግሥታት ውስጥ በሚገኝ እንግዳ አንቀጽ ላይ ነው። ከነጻነት በፊት የነበሩ ሕጎች ከመብት ድንጋጌዎች ጋር ቢጋጩም እንዳሉ ይቀጥሉ ይላል። የአሁኑ ሕግ የወጣው በ1986 ቢሆንም የድሮውን የሚደግም ስለሆነ በዚሁ ጥላ ሥር ተጠለለ። ቅጣቱን ግን ከ25 ዓመት ወደ አምስት አወረዱት። የአገሪቱ የመጨረሻ የይግባኝ ችሎት ለንደን የሚቀመጠው የንጉሡ ፕሪቪ ካውንስል ነው። አንቀጹን የጻፉት ሰዎች አገር ዳኞች አንቀጹ ይቆይ ወይስ ይነሣ ብለው ሊወስኑ ነው። እዚያው ሠፈር ያለችው ሴንት ሉሲያ በጁላይ 2025፣ ዶሚኒካ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ተመሳሳይ ሕጎቻቸውን በፍርድ ቤት አስወግደዋል፤ ሴንት ቪንሰንት በ2024 ክሱን ውድቅ አድርጋለች።

ሌላው ዓይነት ሕግ ከሞስኮ የሚመጣ ነው። ሩሲያ ድርጊቱን ከወንጀል ዝርዝር ያወጣችው በ1993 ነው። በ2013 ግን ለአካለ መጠን ላልደረሱ «ፕሮፓጋንዳ» ማቅረብን ከለከለች፤ በዲሴምበር 2022 ክልከላውን ለአዋቂም አሰፋችው፤ በኖቬምበር 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ «ዓለም አቀፍ የኤልጂቢቲ እንቅስቃሴ» የተባለ፣ ጽሕፈት ቤትም አባልነትም የሌለውን ነገር ጽንፈኛ ድርጅት ብሎ ፈረጀ። ይህ ፍርድ በመሬት ላይ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ፤ በ2024 መጀመሪያ አንዲት ሴት የቀስተ ደመና ቀለም ያለው የጆሮ ጌጥ አድርጋ በመገኘቷ አምስት ቀን ታሰረች። በመኝታ ቤቷ ማን እንደነበረ የጠየቃት የለም፤ ሕጉ የያዘው ጆሮዋን ነው።

ይህ ሞዴል ተዛምቷል። ሃንጋሪ በ2021፣ ቡልጋሪያና ጆርጂያ በ2024 የየራሳቸውን አወጡ። የሃንጋሪው ከሁሉ ያስገርማል። በማርች 2025 ምክር ቤቱ የቡዳፔስቱን ዓመታዊ ሰልፍ የሚያግድና የተገኘውን ሰው ፊት በካሜራ ለይቶ እስከ 200,000 ፎሪንት ለመቅጣት የሚያስችል ሕግ በአንድ ቀን አጸደቀ። ከንቲባው ጌርጌይ ካራቾኒ ሰልፉን የከተማው አስተዳደር በዓል ነው ብለው በራሳቸው ስም ያዙት። በጁን 28 ከ100,000 በላይ የሚገመት ሕዝብ ወጣ። ከእነዚያ ውስጥ ብዙው በራሱ ሕይወት ጉዳዩ የማይነካው ነበር ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። የመጣው መሰብሰብ ስለተከለከለ ነው።

ጋብቻን በፈቀዱት አገሮች ያለውን ቶሎ ልለፈው፤ ዜናው ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ታይላንድ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጀመሪያዋ ሆና በጃንዋሪ 2025 ጀመረች፤ በፍትሐ ብሔር ሕጓ «ባል» እና «ሚስት» የሚሉትን ቃላት በ«ተጋቢ» ተካች፣ በዚያው ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ ከ17 ወደ 18 አሳደገች። በመጀመሪያው ቀን ከ1,800 በላይ ጥንዶች ተመዘገቡ። ግሪክ በፌብሩዋሪ 2024 በ176 ድምፅ ድጋፍና በ76 ተቃውሞ አጸደቀች፤ አብዛኛው ሕዝቧ ኦርቶዶክስ ከሆነ አገር የመጀመሪያዋ ናት። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን አጥብቃ ተቃውማለች፤ ሕጉ የሲቪል ጋብቻን እንጂ ተክሊልን አይመለከትም። ድምፁ እንዲያልፍ ያደረገው ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትር ሚትሶታኪስ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ብቻውን ሳይሆን ተቃዋሚዎቹ ጭምር ናቸው።

ከጋብቻ ዜናዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ የፖላንዱ ነው። ሁለት ፖላንዳውያን በርሊን ውስጥ በ2018 ተጋብተው፣ ወደ አገራቸው ለመመለስ አስበው ጋብቻቸው እንዲመዘገብ ሲጠይቁ የክብር መዝገብ ሹሙ ወረቀታችሁን አልመዘግብም አላቸው። በኖቬምበር 2025 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ ፖላንድ በአገሯ እንዲህ ያለ ጋብቻ የመፈጸም ግዴታ የለባትም፣ በሌላ አባል አገር ለተፈጸመው ግን እውቅና መስጠት አለባት ሲል ወሰነ። እስራኤልም ለዚህ ትቀርባለች። ጋብቻ በሃይማኖት ባለሥልጣናት እጅ ስለሆነ በአገር ውስጥ አይፈጸምም፤ ከ2006 ወዲህ ግን ውጭ አገር የተጋቡት በሕዝብ መዝገብ ይመዘገባሉ። ከአዲስ አበባም ከጎንደርም ሄደው እዚያ የሚኖሩት ወገኖቻችን ረቢዎቹ አላጋባም ያሏቸው ጥንዶች ቆጵሮስ ደርሰው ሲመለሱ ማየት አዲስ አይሆንባቸውም።

አሜሪካ ውስጥ ክርክሩ ከጋብቻ ወጥቶ ወደ ሕክምና፣ ወታደራዊ አገልግሎትና ትምህርት ቤት ሄዷል። በጁን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ፆታን ለመቀየር የሚሰጥ ሕክምናን የከለከለውን የቴነሲ ሕግ አጽንቷል፤ እዚህም የሚያዘው ሐኪሙ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪው ቅርብ የሆነው ግን በዚያው ወር መጨረሻ የወጣው ሌላኛው ነው። ከዋሽንግተን አጠገብ፣ በሜሪላንድ ግዛት ያለችውን ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያውቅ ሰው ሞንትጎመሪ ካውንቲን ያውቃል፤ እንጀራ በየሱቁ የሚሸጥበት፣ እሑድ ጠዋት የቅዳሴ ድምፅ የሚሰማበት ነው። የካውንቲው የትምህርት ቦርድ የተመሳሳይ ፆታ ተጓዳኞችና ፆታቸውን የቀየሩ ገጸ ባሕርያት ያሉባቸው የልጆች የተረት መጻሕፍት በክፍል ውስጥ እንዲነበቡ ወሰነ። መጀመሪያ ወላጅ ካልፈለገ ልጁን ማስወጣት ይችል ነበር፤ በማርች 2023 ይህ ቀረ። በዚያ ዓመት በካውንቲው መቀመጫ በሮክቪል በተካሄዱት ሰልፎች ላይ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ከሙስሊም ወላጆች ጋር ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 27 ቀን 2025 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ለወላጆቹ ፈረደ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ መጻሕፍቱ ሲነበቡ ወላጆች አስቀድሞ ይነገራቸው፣ ልጆቻቸውንም ማስወጣት ይችሉ አለ። መጻሕፍቱ አልታገዱም። ብዙዎች በእኛ ማኅበራዊ ሚዲያ «ተከለከለ» ብለው ያሠራጩት ልክ አልነበረም። አሁን የሁለተኛ ክፍል መምህርት ከመጽሐፍ መደርደሪያው አንዱን ከማንሣቷ በፊት ውስጡ ማን እንዳለ፣ የየትኛው ልጅ ወላጅ ምን እንዳለ መዝግባ መያዝ አለባት። ሮክቪልና ካምፓላን ማመሳሰሌ አይደለም፤ አንዱ ቦታ ቅጣቱ እስር ቤት ነው፣ ሌላው ቦታ የወረቀት ሥራ። ግን በሁለቱም ቦታ ጥያቄው ለሦስተኛው ሰው ነው የቀረበው።

አገራችን ከእነዚህ ከየትኛው ትመደባለች? የቅኝ ግዛቱ ትረካ እኛ ዘንድ አይሠራም፤ የገዛን የለምና። የውጭ ሰው እጅ የለበትም ማለትም አይቻልም። የ1949 ዓ.ም.ን (በአውሮፓውያኑ የ1957ን) የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ምሁር ዣን ግራቨን ናቸው፤ የእሳቸው አገር ከ15 ዓመት በፊት፣ በ1942 ሥራ ላይ ባዋለችው የወንጀል ሕግ የአዋቂዎችን ግንኙነት ከወንጀል አውጥታው ነበር። ስለዚህ አንቀጹ ከስዊዘርላንድ ተቀዳ ማለት ይከብዳል፤ በኢትዮጵያው ሕግ ውስጥ የገባው የአርቃቂው አገር ከተወው በኋላ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህንኑ በአንቀጽ 629 ቀጠለ። የእንግሊዝ ዘመም ሕጎች ብዙውን ጊዜ ወንዶችን ብቻ ያነሣሉ፤ የእኛው ወንዱንም ሴቷንም ይይዛል። መደበኛ ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፤ የሌላውን ችግር ወይም በእሱ ላይ ያለን ሥልጣን መጠቀሚያ ማድረግ ያሉ ማክበጃዎች ሲኖሩ አንቀጽ 630 እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሰዋል።

አንቀጽ 629 የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። ስለ አከራይ፣ ስለ ሆቴል ቤት፣ ስለ ጆሮ ጌጥ አይናገርም። ሆኖም ሙሴቬኒ ሕጋቸውን ከፈረሙ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኦገስት 2023፣ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ ከሕዝብ በደረሰው ጥቆማ መሠረት ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ፤ ሕዝቡም ጥቆማውን እንዲቀጥል ጠየቀ። ሕጉ ሳይቀየር አሠራሩ ወደ ሦስተኛው ሰው ሄደ ማለት ነው።

እዚህ አገር ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከመርካቶ እስከ ፒያሳ ቢሄዱ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ከክፍለ ሀገር ለጉዳይ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ብር ለመቆጠብ አንድ አልጋ ይከራያሉ፤ አንዱ ራስጌ፣ ሌላው ግርጌ ይተኛል። እንግዳ መቀበያው ላይ የተቀመጠችው ልጅ መታወቂያቸውን ተቀብላ፣ ስማቸውን መዝገቡ ላይ አስፍራ፣ ቁልፍ መስጠት ነው ሥራዋ። ከዚያ ማስታወቂያ በኋላ ግን ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት ሁለቱን ሰዎች ከእግር እስከ ራስ ታያለች፣ የባልደረባዋንም ፊት ታያለች፤ በየትኛው አንቀጽ እንደምታያቸው የነገራት ሰው ግን የለም።